የቡላ የእጅ ፍሬን

ባለፈው ሳምንት ወልድያ ውስጥ መኪና መንዳት ስማር፣ አሰልጣኙ ቁልቁለት ላይ አስቆመኝና የእጅ ፍሬኑን ይዤ እንድወርድ አዘዘኝ። ያዝኩት፤ ወረድኩ። ከዚያ ምን እያደረግሁ እንደሆነ ያወቅሁት ሰውየው በሳቅ ሲንፈራፈር ነው። ለካ ጎንበስ ብዬ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ እየፈለግሁ ኖሯል።

እሱ ይሳቅ። የዚያ የጦርነት ዓመት ልጆች፣ በተለይ የሀብሩን ዳገትና ቁልቁለት የምታውቁ፣ እናንተ አትስቁብኝም።

ልጅ እያለሁ አባቴ ለገጠር መንገድ የምትሆን አንዲት አሮጌ ባለ ፎርዊል መኪና ነበረችው። የአቧራ ቀለሟን አይቶ እንደ ፈረስ ቡላ ብሎ ስም አወጣላት። ከግራና ከተማ በላይ ካለው መንደራችን ማሽላውንም ፍየሉንም ሰውንም ጭና መርሳ ገበያ ትወርድ ነበር። ቡላ ታዲያ ዐመሏ ብዙ ነው። ባትሪዋ ስለሞተ ቁልቁል ካልተንደረደረች አትነሳም። የእጅ ፍሬን የሚባል የላትም፤ ማርሽ አስገብተው ቢያቆሟትም ማርሹን ራሷ ትተፋዋለች። ስለዚህ ሁልጊዜ አፍንጫዋን ቁልቁል አድርጋ ትቆምና ከፊት ጎማዋ ሥር ድንጋይ ይገባል። ታኮ ነው የምንለው። ታኮው የእኔ ሥራ ነበር። ቡላ ስትቆም ዘልዬ ወርጄ እወትፈዋለሁ፤ ስትነሳ መንጭቄ እየሮጥኩ እሳፈራለሁ። የሰፈሩ ወንዶች ሴት ልጅ ስለቀደመቻቸው በቅናት ይቃጠሉ ነበር፤ እኔም ብሆን መኩራራቴ ለጉድ ነው።

ጦርነቱ ወልድያን ይዞ ወደ እኛ ሲወርድ መብራቱም ስልኩም ጠፋ፤ ትምህርት ቤቱም መስከረም ጠብቶ ሳይከፈት ቀረ። ነዳጅማ በሕልምም አይታይም። አባቴ አንድ ጄሪካን ናፍጣ ድርቆሽ ውስጥ ደብቆ ነበር። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከሩቅ የሚያጓራውን መድፍ እየሰማሁ ቆጥ ላይ እንዳለች ዶሮ አንገቴን አቁሜ አድራለሁ።

በዚያው ሰሞን ታላቅ እህቴ ዘይነባ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ቀኗ ደረሰ። የመንደሩ አዋላጅ እትየ ጦይባ ሆዷን ዳብሰው፣ ልጁ አግድም ተኝቷልና እኔ አልደፍረውም፣ መርሳ በቤቷ የምታዋልድ ነርስ አለች ይላሉና ቶሎ ውሰዷት አሉ። በቃሬዛ እንዳትሄድ መንገዱ ቀን ሙሉ ይፈጃል። መኪና አለን፤ ናፍጣ አለን። የጎደለን የባሏ አባት የአባ ሙሄ ፈቃድ ነው። አባ ሙሄ ከሳምንት በፊት ድንጋዬ ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ቡላ ባዶዋን ማሽላ ውስጥ ስትገባ በዓይናቸው አይተዋል። የታጣቂዎቹ ኬላ ያለው ቁልቁለት ላይ ነው፤ ሞተር አጥፉ ይሏችኋል፣ ሁላችሁንም ያስወርዷችኋል፣ እሷ ግን በዚህ ሆዷ አትወርድም፤ ከነነፍሷ ገደል ልትከቷት ነው ወይ ብለው ሞገቱ። "ራሷን ችላ ካልቆመች ምራቴ አትሳፈርባትም" አሉ። አባ ሙሄ አንዴ ከተናገሩ አለቀ። በድንጋዬ አፍሬ ቀኑን ሙሉ ከቤት አልወጣሁም።

የደረሰልን ጋሽ ጌታቸው ነው። ወልድያ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ጦርነቱን ሲሸሽ ነዳጁ እስኪያልቅ ነድቶ፣ የቀረውን ገፍቶ መጥቶ እኛ ቤት ያረፈ እንግዳችን ነው። አባቴ ለሱ ዶሮ ከክርስቲያን ጎረቤት እያሳረደ ያበላው ነበር። ባጃጁ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች፤ ጠዋት ጠዋት ይወለውላታል እንጂ የትም አትሄድም። የአባ ሙሄን ቃል እንደሰማ ሸራውን ገለጠና የእጅ ፍሬኗን ከነካቦው፣ ከሚስበው የሽቦ ገመድ ጋር፣ መፍታት ጀመረ። አባቴ ሮጦ እጁን ያዘው፤ እንጀራህ አይደለችም ወይ አለው።

ጋሽ ጌታቸውም ቀና ሳይል "እንጀራዬ ቆማለች። ለቆመ ነገር ፍሬን ምን ይሠራለታል?" አለው።

መብራት ስለሌለ ብየዳ የለም። ከተሰበረ የብረት አልጋ መያዣ ብረት ቆረጡ፤ የመንደራችን አንጥረኛ በፍም አግሎ ቀዳዳ አወጣለት፤ በብሎን አሰሩት። የባጃጁ እጀታ ከአባቴ ወንበር ጎን ቆመ። ካቦው በወለሉ ሥር አልፎ፣ ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ አንቆ ከሚይዘው ከራሷ አሮጌ የፍሬን ከበሮ ጋር ተገናኘ። እጀታው ሲሳብ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። የጋለ ብረትና የናፍጣ ሽታ ዛሬም ድረስ አፍንጫዬ ላይ አለ።

የሚፈተንበት ቀን መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ቆሎ ተቆላ፤ ዱዓ ተደረገ። አባቴ ቡላን ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ አምጥቶ አቆማት፣ እጀታውን ሳበ፣ ሞተሩን አጠፋና ወረደ። አባ ሙሄ ቀድመው እኔ ልቀመጥባት ብለው፣ ቢስሚላህ ብለው ተሳፈሩ። ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። ቡላ ንቅንቅ አላለችም! እልልታው ቀለጠ። እትየ ጦይባ አንገቴን አንቀው ሳሙኝ፤ ዘይነባ ከደጃፍ ሆና በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ትጠርጋለች። በነጋታው ልትሄድ ተወሰነ። እኔም ስጨፍር ስጨፍር ላጨበጭብ እጄን ዘረጋሁ። መዳፌ ጭቃ ነው።

ወደ ጎማው ዞር ብዬ አየሁ። ድንጋዬ እዚያው፣ እንደ ወትሮው ተወትፏል። ቡላ ስትቆም እግሬና እጄ የለመዱትን አድርገዋል፤ እኔን እንዲያ ሳደርግ ማየት ለሁሉም ልማድ ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም። ዝም ልበል ወይ አልኩ። ይሄ ሁሉ ሰው ደስ ብሎታል፤ ምናልባትም ፍሬኑ ራሱ ይዟት ይሆናል። ግን ዘይነባን ሳያት አንጀቴ አልቻለም። አባቴን እጅጌውን ጎትቼ "አባዬ፣ ድንጋዩን አድርጌዋለሁ" አልኩት።

እልልታው ባንዴ ጸጥ አለ። አባ ሙሄ ወረዱ፤ አባቴ ድንጋዩን አወጣ። ቡላ አንድ ጊዜ ቃተተችና ቀስ ብላ መውረድ ጀመረች። አባቴ ዘልሎ ገብቶ የእግር ፍሬኑን ባይረግጠው ኖሮ እንደገና ማሽላ ውስጥ ነበረች። ወዲያው ጩኸትና ወቀሳው በረታ፤ እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልጠላም። ጋሽ ጌታቸው ግን ይስቃል። ሥሯ ገብቶ ተኛ፤ ካቦው ላልቷል፣ ከበሮው ውስጥም ዘይት ገብቷል ብሎ ጮኸ። ከበሮውን ፈቶ በሳሙናና በአመድ አሸው፤ ካቦውን ሁለት ጣት ያህል አሳጥሮ አጠበቀው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳግመኛ ተሞከረች። አባ ሙሄ አሁንም ቀድመው ወጡ። ከዚያ እኔን ጠሩኝ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ቀስ ብዬ ሄድኩ።

"ነይ አጠገቤ ተቀመጪ። ድንጋዩን ግን እቅፍሽ ላይ ያዢ፤ የት እንዳለ አይተን እንመን" አሉኝ።

ታቅፌው ተቀመጥኩ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሞተሩ ጠፋ። ቡላ ቆመች። ወላሂ፣ ያለ ድንጋይ፣ ራሷን ችላ ቆመች! አባ ሙሄ ራሴን ዳበስ አድርገው አልሐምዱሊላህ አሉ።

በነጋታው ያንኑ ድንጋይ ታቅፌ እስከ መርሳ ወረድኩ። ኬላው ላይ ሞተር አስጠፉን፤ ሁላችንንም አስወረዱን። ዘይነባ ብቻ ቁልቁለቱ ላይ፣ ቡላ ውስጥ፣ ምጧን ጥርሷን ነክሳ እየዋጠች ቀረች። ታጣቂዎቹ እስኪለቁን አባቴም እኔም ዓይናችንን ከጎማው አልነቀልንም። አልተንቀሳቀሰችም። መርሳ ነርሷ ሆዷን እያሸች ልጁን አቃናችው፤ ከሰዓት በኋላ ሴት ልጅ ተወለደች።

ሰላም ሲሆን ጋሽ ጌታቸው ወደ ወልድያ ሊመለስ ተነሳ። አባቴ ፍሬኑን ልፍታልህ ቢለው የልጅቷ ነው፣ አይነካም ብሎ እምቢ አለ። ይልቅ ከእኔ አንድ ነገር ለመነ፤ ለባጃጁ ታኮ እንዲሆነው ድንጋዬን። ባጃጁ ላይ ጭኜ ሰጠሁት።

ዛሬ የምለማመድባት መኪና የእጅ ፍሬን እንደ ቅቤ ነው፤ አንዴ ሳብ ማድረግ ነው። ቆመች አልቆመች ብሎ ትንፋሹን የሚውጥ የለም፤ እልል የሚልም የለም። ያ ሁሉ ሰው ለአንዲት አሮጌ መኪና መቆም የተደሰተውን ያህል መደሰት አሁን የት ይገኛል እላለሁ። ያን ቀን አሰልጣኙ ስቆ ሲጨርስ ምን ጠፍቶሽ ነው አለኝ። ምንም አልኩት። ተመልሼ ከመግባቴ በፊት ግን መዳፌን አየሁት፤ ጭቃ የለውም።