እትዬ ሜትርና የዳይሬክተሯ ሐብል

እህቴ የግል መርማሪ ናት። ይህን ለሰው ስናገር ሳቄን የምይዝበት ዘዴ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። መርማሪ ሲባል ሰው የሚጠብቀው ካፖርቱን ደርቦ፣ ግድግዳ ተደግፎ ሲጋራ የሚያጨስ ወንድ ነው። እህቴ ግን አጭር፣ ወፈር ያለች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ሰው ስትከታተል እንኳ መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ ሳትስም የማታልፍ ሴት ናት። አንድ ቀን ከኋላው እንድትከተለው ከተቀጠረችበት ባል ጋር ፊት ለፊት ቆማ ስለ ልጆቹ ጤና ስትጠይቀው ደረስኩባት። ስቆጣት፣ «ታዲያ አይቼው ዝም ብዬ ልለፈው? ኮራች አይለኝም?» አለችኝ።

የሁለታችንም ሙያ መጋረጃ ስፌት ነው። አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተናል። ከፊት እኔ በስፌት መኪናዬ እሰፋለሁ፤ ከኋላ እሷ ደንበኛ ታነጋግራለች። መሃላችንን የሚለየው ገዢ ያጣ ወፍራም ቡናማ መጋረጃ ነው። የቢሮው ምስጢር የሚጠበቀው በሱ ነው እንግዲህ። ደንበኛዋ ድምጿን ዝቅ ስታደርግ እኔም ፔዳሉን ቀስ አደርጋለሁ፤ አለበለዚያ አይሰማኝም።

ምርመራውን የጀመረችው መስኮት ስትለካ ነው። መስኮት የሚለካን ሰው የቤቱ ሰዎች ከወንበር አይለዩትም። ባልና ሚስት ፊቱ ይጣላሉ፣ አማት ምራቷን ታማለች፣ ልጅ ከአባቱ ኪስ ይወስዳል። እህቴ ይህን ሁሉ ሰምታ ዝም ማለት አልቻለችም። መጀመሪያ ምክር ሰጠች፤ ኋላ ምክሩ ሲበዛ በራችን ላይ «መጋረጃ» ከሚለው ጽሑፍ ስር «የግል ምርመራ» የሚል አስጽፋ አረፈችው።

ታዲያ ወደኛ የሚመጣ ሰው «ላስመረምር ነው» አይልም፤ ያሳፍራላ። «መጋረጃ ላሰፋ ነው» ብሎ ይገባል። አንዴ ከገባ ደግሞ ውሸቱ እንዳይታወቅበት የግድ ያሰፋል። በዚህ የተነሳ በሰፈራችን ባሏን የጠረጠረች ሁሉ ቢያንስ የሳሎኑን ትቀይራለች። ጥርጣሬው የጠና እንደሆነ የመኝታ ቤቱን ትጨምራለች። ነገሩን የማያውቅ የለም። አዲስ መጋረጃ በተሰቀለበት ቤት በኩል ጎረቤት ሲያልፍ ራሱን እየነቀነቀ «አይ፣ ምስኪን» ይላል። ቤቷን ማሳመር ብቻ የፈለገች ጤነኛ ሴት ሌላ ሰፈር ሄዳ ነው የምታሰፋው። ለኛ ግን እንጀራችን ነው፤ ለምርመራው የማይከፍል ሰው እንኳ ለጨርቁ ይከፍላል።

እህቴን ሰው «እትዬ ሜትር» ይላታል። ሜትሩ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም።

አንድ ጠዋት ጥቁር መነጽር ያደረገች ሴት ገብታ ጨርቅ መዳሰስ ጀመረች። የምትዳስሰውን አላየችውም።

«ለሳሎን ነበር» አለች።

«ስንት መስኮት አለው?» አልኳት።

«ሐብል ጠፍቶብን ነው» አለች።

ወደ ኋላ አሳለፍኳትና ፔዳሌን ቀስ አደረግኩ።

የዳይሬክተሯ ልጅ ናት። ዳይሬክተሯን የማያውቅ በሰፈራችን የለም፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችንን ዕድሜ ልካቸውን የመሩ ናቸው። እኔም እህቴም አርጩሜያቸውን ቀምሰናል። ጡረታ ሲወጡ መምህራኑ የወርቅ ሐብል ሸለሟቸው። የጠፋው እሱ ነው። ወሰደች የተባለችው ደግሞ ሁለት ዓመት ያገለገለቻቸው የቤት ሠራተኛ ናት።

«ከሷ በቀር የእማዬን ክፍል የሚረግጥ የለም» አለች ልጅየዋ። «ትናንት ውጭ በር ላይ አውጥተን ሻንጣዋን አራገፍነው። ጎረቤት ሁሉ አይቷል። አሁንም አልወሰድኩም ትላለች። ፖሊስ ደጃችን መጥቶ ከሚቆም እርስዎ መጥተው ቢያናዝዙልን ይሻላል። መጋረጃ ሊለኩ ነው እንላለን።»

«ማናዘዝ የቄስ ሥራ ነው። እኔ እፈልጋለሁ እንጂ አላናዝዝም» አለች እህቴ። በመልሷ ደስ አለኝ፤ በኋላ ግን ይህን የምትለው ለደንበኛ ሁሉ መሆኑ ትዝ አለኝና ደስታዬ ቀነሰ።

ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም ሄድን። እኔ የሄድኩት መስኮቱን በእውነት የሚለካ ሰው ስለሚያስፈልግ ነው።

ሠራተኛዋን ልጅ ወጥ ቤት ውስጥ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ዓይኗ አብጧል። እህቴን ስታይ ብድግ አለች።

«እትዬ፣ ሥራውስ ይቅር» አለች። «ስሜ ነው እንጂ። ከንግዲህ በዚህ ሰፈር ማን በሩን ይከፍትልኛል? ትናንት አክስቴ ቤት ሄጄ ሳድር፣ የገዛ አክስቴ የእጅ ቦርሳዋን ከአልጋው ላይ አንስታ ሄደች። አየኋት።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን ተመለስሽ?»

«ከቀረሁማ ሌባ ነኝ ማለት አይደል?»

እህቴ ጉንጯን ዳሰስ አድርጋት ወጣች። ይህቺ ልጅ ከዚህ ቤት ሌባ ተብላ ከወጣች በሰፈሩ የሚቀጥራት እንደማይኖር አውቃለሁ።

ሳሎን ዳይሬክተሯ ትልቁ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። እንደ ድሮው ሸሚዛቸው እስከ አገጫቸው ተቆልፏል። ልጆቻቸው ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፤ ባለ መነጽሯ ሴትና ኢንጂነሩ ወንድሟ። ኢንጂነሩ ራሱ ተመልጧል፤ እናቱ ፊት ግን እግሩን አጣምሮ መቀመጥ አይደፍርም። ሁለቱም እናታቸውን አንቱ ነው የሚሉት።

«መጋረጃው መቼ ይደርሳል?» አሉ ዳይሬክተሯ።

«ቅዳሜ ነው እማዬ» አለች ልጃቸው።

አንዱን መስኮት ለክቼ ሳልጨርስ፣ «መጋረጃው መቼ ይደርሳል?» አሉ።

«ቅዳሜ እማዬ» አለ ኢንጂነሩ፣ ጥያቄው ገና ዛሬ እንደተፈጠረ ሁሉ ፈገግ ብሎ።

ልጅቷ ሻይ ይዛ ገባች። ዳይሬክተሯ ወደሷ ዞረው፣ «መጋረጃው መቼ ነው የሚደርሰው?» አሏት።

«እማማ፣ አሁን እኮ ጠይቀው ነበር። ቅዳሜ ብለውዎታል።»

የሁለቱም ልጆች ስኒ አየር ላይ ቀረ።

«ጠይቄ ነበር?» አሉ ዳይሬክተሯ።

«አዎ፣ እማማ።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ! ውጪ!» ብላ ጮኸች ሴቷ ልጃቸው። ልጅቷ ወጣች። ዳይሬክተሯ ሻይዋን ትክ ብለው አዩ።

እህቴ ልጆቹን ወደ ኮሪደሩ ጠራቻቸው። እኔም በሩን የምለካ መስዬ ተከተልኩ።

«እናታችሁ ይረሳሉ እንዴ?»

«እናታችን?» አለ ኢንጂነሩ። «የትምህርት ቤቱን ልጅ ሁሉ ከነአባቱ ስም በቃላቸው የሚጠሩ ሰው?»

«ድሮ ነዋ።»

«ድካም ነው» አለች እህቱ። «ሰው ይደክመዋል። እማዬ ምንም አልሆኑም።»

«እሺ። ሐብሉን የት የት ፈለጋችሁ?»

ያልፈለጉበት አልነበረም። የልጅቷን ፍራሽ ቀደው ጥጡን በትነዋል። ዱቄቱን ዘርግፈው በወንፊት ነፍተዋል። የዕቃ ማጠቢያውን ቧንቧ ኢንጂነሩ ራሱ ፈትቶ መልሶ መግጠም አቅቶት ወጥ ቤቱ ውሃ በውሃ ሆኗል።

«የእናታችሁን ክፍልስ?»

ሁለቱም ክው አሉ። «የእማዬን ዕቃ እኛ ልንበረብር? ምን ልንላቸው?»

ያኔ ነገሩ ገባኝ። እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር። እናታቸውን ከማክበራቸው ብዛት «ረስተዋል» የሚል ቃል በዚያ ቤት እንዳይነገር ያለ ስብሰባ ተስማምተዋል። የማትስማማዋን ደግሞ ወጥ ቤት አስቀምጠዋታል። እናታቸው ከሚረሱ ልጅቷ ብትሰርቅ ይቀላቸዋል። ሌባን ያባርሩታል፤ እርሳታን የት ያባርሩታል?

እህቴ ወደ ሳሎን ተመልሳ ልጅቷንም አስጠራችና አወጀች። «ሰው ሁሉ ይፈተሻል። ከኔ ይጀመር።» ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። መርፌ፣ ክር፣ የጉልበት ቅባት፣ የተነከሰ ብስኩት፣ ስፈልገው የከረምኩት መቀሴ ወጣ።

ኢንጂነሩ «ይሄማ ድፍረት ነው!» ብሎ ተነሳ። ዳይሬክተሯ ግን የወንበራቸውን ክንድ በእጃቸው መቱ።

«ትክክል ናት! በኔ ትምህርት ቤት ዕቃ ሲጠፋ ፍተሻ የሚጀመረው ከዳይሬክተሯ ቢሮ ነበር። ቀጥሎ እኔ ነኝ።»

«እማዬ፣ በፍጹም አይሆንም!»

«ተቀመጥ!»

ያ የሚያህል ሰውዬ ተቀመጠ። እኔ ራሴ ወንበር ስላጣሁ ነው እንጂ እቀመጥ ነበር።

ዳይሬክተሯ ኪሳቸውን ገልብጠው አሳዩ። ቀጥለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከዚያም ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ሥርዓት ሥርዓት ነውና፣ የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ ፈቱ። ሁለተኛውን ሲፈቱ ሐብሉ ብልጭ አለ።

እህቴ እስከ ዛሬ «አውቄ ነበር» ትላለች። ዋሽታ ነው። ከፍራሻቸው ስር ይገኛል ብላ ነበር የምታስበው፤ ከሁላችን ይልቅ አፏን ከፍታ የቀረችው እሷ ናት።

ዳይሬክተሯ በጣታቸው ሐብሉን ነኩት፣ ለቀቁት፣ መልሰው ነኩት። አንጀቴን በሉት፤ አርጩሜያቸውን ሁሉ ይቅር አልኳቸው።

«እማዬ!» አለች ሴቷ ልጅ በድንገት፣ ሳቅ ሳቅ እያላት። «ሊፈትኑን ፈልገው ነው አይደል?»

«አዎ እንጂ!» አለ ኢንጂነሩ። «እማዬ እኮ ፈተና ይወዳሉ!»

መውጫ አበጁላቸው። «አዎ» ቢሉ ነገሩ በሳቅ ያልቃል፤ ሁሉም ሻዩን ይጠጣል። ዳይሬክተሯም ለአፍታ አመነቱ፤ አይቻለሁ። ከዚያ ዓይናቸው በሩ አጠገብ የቆመችው ልጅ ላይ አረፈ።

«አልፈተንኩም» አሉ። «ረስቼ ነው። አንቺ ልጅ፣ በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

ልጅቷ አለቀሰች። ዳይሬክተሯ «እባክሽ አትሂጂብኝ» አሏት። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«አልችልም እማማ። ነገ ሌላ ዕቃ ሲጠፋ እንደገና ሌባ እባላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ። ሌባ የተባልኩት በር ላይ ነው፤ በር ላይ ይናገሩልኝ።»

ልጆቹ «ኧረ ጎረቤት! ኧረ ነውር!» እያሉ ሲከላከሉ ዳይሬክተሯ መሃላቸውን አልፈው ወጡ። በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ያችን የሰልፍ ድምፃቸውን አወጧት፤ ማዶ ያለው ጸጉር ቆራጭ መቀሱን እንደያዘ ብቅ አለ።

«ስሙ! ይህቺ ልጅ አልሰረቀችም! ሐብሉ እኔው አንገት ላይ ነው የተገኘው! ረስቼው ነው!»

ልጅቷ እጃቸውን ስማ፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ሄደች። ልጆቹ ይቅርታ አልጠየቋትም። ሴቷ «እንግዲህ፣ አንዳንዴ ይፈጠራል» ብላ አጉረመረመች፤ ኢንጂነሩ ሰዓቱን አየ።

ተመልሰን ተቀመጥን። እኔ የቀረውን መስኮት ለካሁ፤ ከዚህ ሁሉ ጉድ በኋላ እንኳ መጋረጃው እንዲቀር የጠየቀ የለም። ትንሽ ቆይተው ዳይሬክተሯ ወደ ወጥ ቤቱ አዩ።

«ልጅቷ የት ሄደች?»

«ሱቅ ልኬያት ነው እማዬ» አለች ልጃቸው፣ ዓይኗን ሳታሽ።

ደሜ ፈላ። እህቴ ግን ረጋ ብላ ጎንበስ አለችላቸው። «አይደለም እማማ። ሰረቅሽ ብለዋት ነው የሄደችው። አልሰረቀችም፤ ሐብሉ እርስዎ አንገት ላይ ነበር።»

እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄደ። ፊታቸው ተለዋወጠ። ወደ ልጆቻቸው ዞሩ።

«ይቅርታ ጠየቃችኋት?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«አልጠየቋትም» አለች እህቴ።

«ነውር ነው!» አሉ ዳይሬክተሯ። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ። ምን እንደሚጠብቁ ገብቶኛል፤ ይረሱታል ብለው ነው። እውነትም ረሱት።

«ልጅቷ የት ሄደች?» አሉ ከጥቂት ጊዜ በኋላ።

እህቴ ያንኑ ነገረቻቸው። እጃቸው እንደገና ወደ አንገታቸው ሄደ፤ ገና አሁን እንደሰሙት ደነገጡ። እንደገና ወደ ልጆቻቸው ዞረው፣ በዚያው ቁጣ፣ «ይቅርታ ጠየቃችኋት?» አሉ። እርሳታቸው ልጆቹን አላዳናቸውም፤ በረሱ ቁጥር ፍርዱን እንደ አዲስ ይፈርዱት ነበር።

ሦስተኛው ጊዜ ሲመጣ እህቴ አፏን ከፈተች፤ ኢንጂነሩ ግን ቀደማት።

«ሰረቅሽ ብለናት ሄደች እማዬ» አለ። «አልሰረቀችም ነበር።»

«ይቅርታ ጠየቅካት?»

«አልጠየቅኳትም።»

«ታዲያ እዚህ ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ?»

ተነሳ። ኮቱን ለበሰ፣ እስከ በሩ ሄደ፣ እጀታውን እንደያዘ ቆመ። ቀስ ብሎ ወደኛ ዞረ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሻይ ያቀረበችለት ልጅ ናት።

«የአክስቷ ቤት የት ነው?» አለን። «ስሟንስ ማን ብዬ ልጠይቅ?»