የምስራች የቀነሰቻቸው ወራት

የምስራች ስንት ወሯ እንደሆነ ተጠይቃ እውነቱን ተናግራ አታውቅም። ሆዷ ቀድሟት ከሊፍት እየወጣ «ኧረ ገና ሦስተኛዬ ነው!» ትላለች። ቨርጂኒያ፣ ላንድማርክ ሰፈር ባለው ሕንፃችን ወር በመቀነስ የሚስተካከላት የለም። ዕድሜዋን ስትቀንስ እንኳ እንደዚህ አይዋጣላትም።

ክፋት ኖሮባት አይደለም። በአሜሪካኑ 2007 የመጀመሪያዋን ስታረግዝ ለእኔ ብቻ ነገረችኝ። እኔ ደግሞ ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ለግማሹ ሕንፃ አዳረስኩት። ሰዉ መጣ፣ ሆዷን ዳበሰ፣ መረቀ። በአራተኛው ወር አስወረዳት። «የሰው ዓይን ነው» አለች። እኔ በዓይን አላምንም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ምንም ነግራኝ አታውቅም።

የምስራች ክሪስታል ሲቲ በሚባለው ሰፈር የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት። አብራት የምትሠራው የሐኪማ ልጅ ኢርፋን የደም ካንሰር ይዞት ሞተ ሲሉት፣ አንዲት የማትታወቅ እናት ስትወልድ በለገሰችው የእትብት ደም ዳነ። ዛሬ እናቱን በእንግሊዝኛ ይጨቀጭቃል። የምስራች ይህን አይታ «እኔም ስወልድ እሰጣለሁ» ብላ ተሳለች። እንደገና ስታረግዝ ዶክተሯ ሦስት ምርጫ ነገራት፤ በየዓመቱ እየከፈሉ ለራስ ማስቀመጥ፣ በነፃ ለማንም በሽተኛ መለገስ፣ አለዚያ ከቆሻሻ ጋር ማስጣል። ለመለገስ ግን ከ34ኛው ሳምንት፣ ስምንት ወር ሊሞላ ከሚልበት ጊዜ፣ በፊት መመዝገብ ያስፈልጋል።

እኔ የስልክ አስተርጓሚ ነኝ፤ ፒጃማዬን ሳላወልቅ እሠራለሁ። በ2011 አንድ ጠዋት የእትብት ደም ከሚሰበስብ ባንክ አንዲት ነርስ መስመር ላይ ገባች። በወዲያኛው ጫፍ የምትተነፍሰው የምስራች ናት! እንደ ደንባችን ስሜን ሳልናገር የአስተርጓሚነት ቁጥሬን ብቻ ተናግሬ ቀጠልኩ።

«ስንት ወርዎ ነው?» ብዬ የነርሷን ጥያቄ ተረጎምኩ።

«አምስት» አለች።

አምስት! ትናንት ደረጃ ላይ ለእሷና ለሆዷ መንገድ ለቅቄያለሁ፤ ሰባት ካለፈ ቆይቷል። ግን አስተርጓሚ መጨመርም መቀነስም አይችልም፤ እንጀራ ያሳጣል። «ፋይቭ» አልኩ። ነርሷም ደስ ብሏት፣ ጊዜ ስላላት የመመዝገቢያ ፎርሙን ከአንድ ወር በኋላ እንደሚልኩላት ነገረቻት።

ፎርሙ ሲደርስ 34ኛው ሳምንት አልፎ ነበር። ብትለምንም እምቢ አሏት። ሴት ልጅ በሰላም ወለደች፤ ደሙን ግን ከቆሻሻው ጋር ጣሉት።

ገንፎ ይዤ ልጠይቃት ሄድኩ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ከማለቴ አለቀሰች።

«ዓይኔ እያየ ጣሉት። ያቺ ሴት ለኢርፋን ስትሰጥ እኔ ለማንም ሳልሰጥ ቀረሁ።»

አላስቻለኝም። «ያን ቀን ያስተረጎምኩት እኔ ነበርኩ» አልኳት። «ሰባት ማለፉን እያወቅኩ ዝም አልኩ። ይቅር በይኝ።»

ልጇን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረች።

«አሰፋሽ፣ ገና አፍሽን ስትከፍቺ ነው ያወቅኩሽ» አለች። «ሌላ ሰው ቢያስተረጉም ለነርሷ እውነቱን እነግራት ነበር።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።