በለቅሶ ቤት የዘፈነች ሴት

እታለማሁ በኬንያው ሞያሌ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ምግብ ቤት አላት። ሽሮዋን ቦረናውም ሶማሌውም ይወድላታል። ሕመሟን ግን ከወንድሟ ከእንድሪያስ በቀር ማንም አያውቅም ነበር። ሐኪሞቹ ባይፖላር ይሉታል፤ አንዴ ሰውን ሽቅብ ያበርራል፣ አንዴ ቁልቁል ይጥላል። ሲነሣባት እንቅልፍ በዐይኗ አይዞርም፤ ዓለም ሁሉ የእሷ ትመስላታለች።

አምና ሕመሙ በተነሣባት ሰሞን ባለሱቋ ጎረቤቷ ሀዋኦ ባሏ ሞተባት። እታለማሁ ለቅሶ ቤት ሄደች። ዱዓ እየተደረገ ሳለ ብድግ ብላ ዘፈነች። የሟቹን ኮፍያ ከግድግዳው አውርዳ ራሷ ላይ ደፍታ እስክስታ ወረደች። እንድሪያስ እየጎተተ አወጣት።

ከዚያ ውድቀቱ መጣ። ሰው «አታስታውሰውም» ይላል። እሷ ግን አንዱም አልጠፋትም፤ የሴቶቹ ዐይን፣ የዱዓው ድንገት ጸጥ ማለት፣ ሁሉም እፊቷ ነው። ሀዋኦን ላለማየት ዙሪያ ጥምጥም ትሄድ ጀመር። ስኳር እንኳ ከድንበሩ ማዶ ታስገዛለች። ሰው እንዳያይባት ብላም ሐኪም ያዘዘላትን ክኒን ተወችው።

አንድ ቀን ከጤና ጣቢያው እየተላከች በየቤቱ ሕመምተኛ የምትጠይቀው ጡሪ ምሳ በላችና ተመጋቢው እስኪወጣ ጠበቀች።

«ሐሙስ ሐሙስ ጤና ጣቢያው ጓሮ እንሰበሰባለን። እንዳንቺ ያሉ ሰዎች ናቸው። ክፍያ የለውም።»

እታለማሁ ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። «እንዳንቺ ማለት?»

«እንደኔም» አለች ጡሪ።

ሐሙስ ሲደርስ እታለማሁ ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ተከናንባ ሄደች። ዐፋፍ የሚባሉ፣ ከኡራን መንደር የመጡ ሽማግሌ፣ በሽታው ሲነሣባቸው ግመሎቻቸውን ለመንገደኛ አድለው ልጆቻቸውን ባዶ እጃቸውን እንዳስቀሩ ተናገሩ። የሳቀ የለም። እሷ ያን ቀን የሌሎቹን ስትሰማ ቆይታ ተመለሰች። ውላ አድራ ግን የለቅሶ ቤቱን ነገር መሬት መሬቱን እያየች አወጣችው።

«ይቅርታ ጠይቀሻታል?» አሉ ዐፋፍ።

«በምን ፊቴ፣ አባባ?»

«በዚሁ ፊትሽ ነዋ። ሌላ ከየት ታመጫለሽ?»

ጡሪ አብራት ሄደች። ሀዋኦ ሱቋ ውስጥ ሩዝ ትመዝናለች።

«አዴ ሀዋኦ፣ ያን ቀን…» ብላ እታለማሁ በአክብሮት ጀመረች።

«መታመምሽን እንድሪያስ ያኔውኑ ነግሮኛል» አለች ሀዋኦ፣ ዐይኗን ከሚዛኑ ሳታነሣ። «ዓመት ሙሉ ስትሸሺኝ ነው የከፋኝ። ባሌ ሞቶ፣ ጎረቤቴም እንደሞተች ቆጠርኩ።» ሩዙን ከረጢት ውስጥ ገለበጠች። «ኮፍያውን ግን ባትነኪው ደግ ነበር።»

እታለማሁ አንገቷን ደፋች። ሀዋኦ በርጩማ ገፋ አደረገችላት፤ ተቀመጠች።

ኀፍረቱ በዚያ አልጠፋም። ዛሬም ዱዓ ስትሰማ ፊቷ ይግላል። ክኒኗን ግን ትውጣለች፣ ሐሙሷንም አታስታጉልም። በዘንድሮው ዝናብ ሕመሙ እንደገና ሲያንሰራራ ቀድማ ያወቀችው ሀዋኦ ነበረች። ጡሪን አስጠርታ፣ እታለማሁን በእጇ ይዛ፣ «ዛሬ ድምፅሽ በዝቷል፤ ነይ ወደ ሐኪም እንሂድ» አለቻት። እታለማሁ አፍራ እጇን ልትነጥቃት ቃጣች፤ ከዚያ ተወችውና ተከተለቻት።