ሽታው ለቀቀኝ

ባለፈው ማክሰኞ ከሳሪስ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚኒባስ ስሄድ፣ አቃቂ ላይ ያንን ሁልጊዜ የሚገማውን ወንዝ ተሻገርን። ምንም አልሸተተኝም። "ወራጅ አለ!" ብዬ ጮህኩ። ረዳቱ "አባባ፣ ቱሉ ዲምቱ ገና ነው እኮ" አለኝ። ላብ አጥምቆኝ ወረድኩ።

በሃያ ዓመቴ እዚሁ አቃቂ አንድ ቆዳ ፋብሪካ የቀን ሠራተኛ ሆኜ ገባሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ምሳዬ አልወርድ አለኝ፤ የቋጠርኩት ሽሮ ፍትፍት ራሱ ቆዳ ቆዳ ይሸተኝ ነበር።

አንድ የክረምት ጠዋት የፍሳሹ ጉድጓድ ተደፈነና ዝቃጩን ልጠርግ በመሰላል ወረድኩ። ከላይ ሆነው ባልዲውን በገመድ የሚስቡልኝ ጋሽ በዳዳ ነበሩ፤ አቃቂ የእርሻ አገር ሳለ እዚያው ተወልደው ያደጉ፣ ዝምተኛ ሽማግሌ። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ አናቴን ሊበጥሰው ደረሰ። ጥቂት ቆይቶ ግን፣ እሰይ፣ ጥፍት አለልኝ።

"ጋሽ በዳዳ፣ ተገላገልኩ! ሽታው ለቀቀኝ" አልኳቸው እየሳቅኩ።

"ውጣ!"

"ባልዲው እኮ ገና..."

"ባልዲው ገደል ይግባ! ውጣ አልኩህ!"

እንደዚያ ሲጮሁ ሰምቼ አላውቅም። መሰላሉን መውጣት ጀመርኩ፤ መሃል ላይ ዓይኔ ጨለመ። አለቀልኝ አልኩ። እናቴን የጠራሁ ይመስለኛል። ጋሽ በዳዳ ኮሌታዬን ጨምድደው፣ ጎትተው አወጡኝ።

ሣሩ ላይ ተዘርሬ ሳል ሲያጣድፈኝ አጠገቤ ቁጭ አሉ።

"ሽታው አልጠፋም፤ የጠፋው አፍንጫህ ነው" አሉኝ። ወደ እኔ ሳያዩ፣ "ወንድሜም ሳይወጣ የቀረው እንዳንተ እየሳቀ ነው" አሉ።

ነገሩን ከዓመታት በኋላ ነርሷ ልጄ አስረዳችኝ። አፍንጫችን ውስጥ፣ ወደ ላይ በኩል፣ ሽታ የሚቀበሉ ሕዋሳት አሉ፤ ሽታው ሲነካቸው እንደ ኤሌክትሪክ ያለ መልእክት በነርቭ ወደ አንጎል ይልካሉ። ያ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው የጉድጓዱ መርዛማ ጋዝ ሲበዛ ግን ያደነዝዛቸዋል። ጋዙ እዚያው ነው፤ ዝም ያለው ነጋሪው ነው። እኔ ጅሉ ተመስገን እያልኩ ነበር!

ማክሰኞ ዕለት መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብሰውን ሴት "ልጄ፣ ወንዙ ዛሬ ይሸታል?" አልኳት።

"ኧረ አባባ፣ ዛሬማ ብሶበታል!"

ጉንፋን ነው፤ ከእሑድ ጀምሮ ይዞኛል፣ አውቀዋለሁ። ቢሆንም አንድ ትኩስ በቆሎ ገዝቼ አፍንጫዬ ላይ ደቅኜ ሳብ ሳብ አደረግኩ። ምንም የለም። ጋሽ በዳዳ ካለፉ ስንት ዘመናቸው፤ እግሬ ግን በቆሎውን እንደያዝኩ፣ እሳቸው ከላይ የሚጠሩኝ ይመስል፣ ከወንዙ የሚያርቀውን ዳገት እየወጣ ነበር።