ፊቱን ጉም የያዘው ቀን

ዘመኑ 2013 ነው፤ ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነበር። ካርቱም ክረምት የላትም የሚል ሰው ካርቱምን አያውቃትም። ኸሪፍ ሲገባ ሰማዩ ይቀደዳል፣ እኛ ሐበሾች በምንበዛበት በዴም ሰፈር መንገዱ ሁሉ ኩሬ ይሆናል፣ አየሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ ይለጠፋል።

እኔ እዚያ አገር የኖርኩት ሠርግና ለቅሶ በቪዲዮ እየቀረጽኩ ነው። ትምህርቴ ከዳዊት አላለፈም። የካሜራውን ቁልፎች በጣቴ ነው የማውቃቸው፣ በእንግሊዝኛ ምን ተብሎ እንደተጻፈባቸው ግን ዛሬም አላውቅም።

ለቅሶ መቅረጽ ለማያውቀው ነውር ይመስላል። በሰው አገር የሞተ ልጅ እናቱ አጠገቡ የለችም፤ እርሟን የምታወጣው ፊቱን አይታ ነው። በአፍ ቢነግሯት አታምንም፣ ብታምንም ሞኝ ናት። ሞተ ተብሎ ድንኳን ተጥሎለት፣ ተዝካሩ ወጥቶ፣ በኋላ ከሊቢያ የደወለ ልጅ አለ። ስለዚህ ፊት ይቀረጻል።

የሚቀርጸውም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የዕድራችን ሕግ ነው። ቀደም ሲል አንዱ ጎረምሳ አስከሬን በስልኩ አንስቶ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው፣ የሟች እህት ሳይነገራት ታክሲ ውስጥ አየችው። ከዚያ በኋላ ስልክ ኪስ ውስጥ ይቆይ ብዬ የተሟገትኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ትክክል ነበርኩ እላለሁ።

ያን ክረምት የሞተው፣ ሳጃና የሚባል ሰፈር ከጓደኞቹ ጋር ተከራይቶ የሚኖር፣ የቀን ሥራ የሚሠራ ልጅ ነበር። ዝናብ ያደረበት መንገድ ላይ የመብራት ሽቦ ወድቆበት የነበረ ውሃ ረገጠ። በቃ። ለእናቱ በጎረቤት ስልክ ተነገራት። ለዕድሩ ዳኛ የመለሰችለት አንድ ነገር ነው፤ ፊቱን አሳዩኝ፣ እስከዚያ አላለቅስም።

ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው ካሜራ ይዤ እንዳልገባ ከለከለኝ። ማተቤ አንገቴ ላይ እየታየው መካ ደርሶ እንደመጣ ሽማግሌ "ያ ሐጅ፣ እዚህ ይቀመጥ" ብሎ ተቀብሎኝ ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ከጠረጴዛው በላይ ሙከይፍ አለ፤ ያ ማቀዝቀዣ የሰው አጥንት ይበላል። የሬሳው ወረቀት ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ካሜራዬ እዚያ በረዶ ሲተነፈስበት ዋለ።

ጓደኞቹ አጥበው ገነዙትና ወደ ደጅ አወጡት። ፊቱ የሚገለጠው እዚያች ደጃፍ ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አይገለጥም። ካሜራዬን ነጥቄ ሮጬ ከፈትኩት። ነጭ። ሰው የለም፣ ሬሳ የለም፣ ጉም ብቻ። ከቅዝቃዜ ወጥቶ ያን እርጥብ ሙቀት ሲያገኘው ሌንሱ ከፍሪጅ እንደወጣ የለስላሳ ጠርሙስ አላበው።

ከአልቃሾቹ አንዷ "ልጥረግልህ አባባ" ብላ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ። ነጠላዋ ራሱ ዝናብ የጠጣ ነው። ለአፍታ ገለጥ ይልና ተመልሶ ይደፈናል። መስታወቱ ራሱ ካልሞቀ ቢጠርጉት ምን ሊሆን! ጥቂት ጠብቁኝ አልኳቸው። ሬሳውን የሚጭነው የአምጃድ፣ የትንሿ ሚኒባስ ሹፌር መንገዱ በውሃ ሊዘጋብን ነው እያለ ያላ ያላ ይላል። የዕድሩ ዳኛ ደግሞ በሰው ፊት ጮክ ብሎ፦

"ሬሳ ያንተን መስታወት ደጅ አይጠናም።"

ሸፈኑት።

መቃብሩ ጋ ስንደርስ ሌንሱ ጠርቶ ነበር። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ፎከሱ የሚወርደውን ጠብታ እያሳደደ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይላል፤ ጠብታው ይጠራል፣ ሰው ይደበዝዛል። በራሱ እንዳይሠራ አጥፍቼ በእጄ አስተካከልኩት። ጭቃው፣ አካፋው፣ ቄሱ፣ የሚያለቅሰው ሁሉ ጥርት ብሎ ወጣ። ምን ያደርጋል።

ቪዲዮውን በዚያው በጎረቤቷ ስልክ ላክንላት። ሊመሽ ሲል ደወለችና ቀራጩን አቅርቡልኝ አለች። ድምፅዋ የደረቀ ነው።

"አባቴ፣ የላክህልኝ ጉም ነው። አንተ በዓይንህ አይተኸዋል? ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ፤ በየት በኩል ነው?"

ያጠበው ጓደኛው በጣቱ የራሱን ቀኝ ቅንድብ እየነካ ያሳየኛል። ዳኛው በሹክሹክታ ቀኝ በላት ይለኛል። እኔ ግን አላየሁም። ዓይኔ ካሜራው ላይ ነበር፤ ለእሷ ጉም የሆነው ለእኔም ጉም ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው ፊቱን ሳያይ የቀበረው እኔ ብቻ ነኝ።

"አላየሁም እኅቴ" አልኳት።

"እንግዲያው ልጄ አልሞተም" ብላ ዘጋችው።

ዳኛው ተነሳብኝ። አንድ ቃል ምን ይጎዳህ ነበር፣ ሴትዮዋን ዕድሜ ልኳን በር በር ስታይ እንድትኖር ፈረድክባት አለኝ። ፊቱን ሸፍናችሁ የሮጣችሁት እናንተ፣ ዋሽ የምባለው እኔ? አልኩት። ግትር ሽማግሌ አለኝ። ነኝ። ጓደኛው ስልኩን ተቀብሎ ደጋግሞ ደወለ፤ እኔ አጥቤዋለሁ ሊላት ነው። አላነሳችም።

በማግስቱ ጠዋት ሳጃና ልጁ ይኖርበት ወደነበረው ክፍል ሄድኩ። ለብሶት የሞተውን ልብስ ከሆስፒታል በፌስታል ሰጥተዋቸው ነበር፤ ጓደኛውን አምጣው አልኩት። አገር ቤት አስከሬኑ ያልተገኘ ሰው ልብሱ ተዘርግቶ ይለቀስለታል። ግቢው ውስጥ በገመድ አልጋ ላይ ሸሚዙን ከላይ፣ ሱሪውን ከታች አድርጌ፣ እሱ እንደሚተኛው ዘረጋሁት። ካሜራውን አየሩን እስኪለምድ ደጅ አስቀምጬ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ያላ የሚለኝ አልነበረም። ኮሌታው ከውስጥ በኩል በአረንጓዴ ክር ተሰፍቷል። ጓደኛው፣ ሊሰደድ ሲነሳ እናቱ የሰፋችለት ነው፣ ሁልጊዜ ይነግረን ነበር አለኝ። ፎከሱን በእጄ አዞርኩ፤ ክሩ አንድ በአንድ እስኪለይ ድረስ አጠራሁትና ቁልፉን ተጫንኩ።