የታችኛው ሰፈር ቫልቭ

የታችኛው ሰፈር ቫልቭ ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ ሃያ ሁለት ዙር ይፈልጋል። ይህን ቁጥር ብረሳው ደስ ይለኝ ነበር።

ሆሳዕና ውስጥ ውሃ የምናድለው በፈረቃ ነው። የአንዱ ሰፈር ተራ ሲሆን የሌላው ይዘጋል። የእኔ ሥራ በየመንገዱ ዳር ያሉትን ጉድጓዶች ክዳናቸውን እያነሳሁ ቫልቮቹን መዝጋት፣ መክፈትና መፈተሽ ነው። ያስተማሩኝ ከዶዮገና ገጠር የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረባቸውም። ዙር ቆጥሬ ከተሳሳትኩ ከመጀመሪያው ያስጀምሩኛል። ቆጥሬ ስጨርስ የብረት ዘንግ አንዱን ጫፍ ቫልቩ ላይ፣ ሌላውን ጆሮዬ ላይ ያስይዙኝና፣

«በይ ስሚ። ጸጥ ካለ ተዘግቷል። ሽው ካለ ዋሽቶሻል» ይሉኛል።

አንድ ነገር ግን አልሰማኋቸውም። የኛ ሰው ለቅሶ ላይ ቀልድ አያውቅም። ድንኳን ከተተከለ አገር ምድሩ ይመጣል፤ ለዚያ ሁሉ ሰው ደግሞ ውሃ ያስፈልጋል። የሰፈሩ ፈረቃ ካልሆነ የእድሩ ዳኛ ጉድጓዱ አፍ ላይ መጥተው ይቆማሉ። ኮፍያቸውን አውልቀው ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ እኛ ሠራተኞች ሃያኛው ዙር ላይ እናቆማለን፤ በቀረችው ክፍተት ቀጭን ውሃ ወደ ሰፈሩ ይወርዳል። ሁላችንም እናደርገው ነበር፣ ከጋሼ በቀር።

«ቫልቭ ወይ ይከፈታል ወይ ይዘጋል፤ ገርበብ አይደረግም» ይሉ ነበር። «በጠባብ የሚሮጥ ውሃ አሸዋ ይዞ ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ለለቅሶ ቤት ውሃ መሸከም ነው።» ደግሞም ይሸከሙ ነበር። ከሥራ ሲወጡ በሁለት እጃቸው ሁለት ጀሪካን ይዘው ቁልቁል ሲወርዱ ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ። ሰው ግን ጀሪካኑን ሳይሆን እምቢታቸውን ነው የሚያስታውሰው፤ ደረቅ ሰውዬ ይሏቸው ነበር።

በየሦስት ወሩ የሚደረገው ፍተሻ ሲደርስ ጉልበታቸውን አሟቸው ብቻዬን ላኩኝ። ታች ድንኳን ተተክሎ ነበር። ሃያ ላይ አቆምኩ። ዘንጉን ከጫንቃዬ እንኳ አላወረድኩትም። ቅጹ ላይ «ሃያ ሁለት፣ በደንብ ይዘጋል» ብዬ ጻፍኩና ቢሮ መልሼ ሰጠኋቸው። «ሰማሽው?» አሉኝ። «ሰማሁት» አልኳቸው። «ያረጋገጠው» በሚለው መስመር ላይ ፈረሙ።

ብዙም ሳይቆይ ከቫልቩ በታች መንገድ የሚቆፍር ኤክስካቫተር ዋናውን ቱቦ በጠሰው። ሮጠን ደረስን። ሃያ ሁለት ዙር አዞርኩ፤ ውሃው አልቆመም። ቁልፉ ላይ በሆዴ ተጫንኩበት፤ ወይ ፍንክች። ዋናውን ማጠራቀሚያ ከላይ እስክንዘጋ ድረስ ጎርፉ የሁለት ቤት ግድግዳ ጣለ። ቫልቩ ተፈቶ ሲወጣ የብረቱ ከንፈር ተበልቶ አልቆ ነበር፤ ገርበብ ተደርጎ እንደኖረ ያየው ሁሉ አወቀ።

ስብሰባ ላይ አለቃችን ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ይህን ማን አየው?» አለ። እኔ ዓይኔን ቅጹ ላይ ተከልኩ። ጋሼ ወደኔ ዞር ብለው አዩኝ፤ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ «ፊርማው የኔ ነው» አሉ። ከመስመር ሥራ አውጥተው ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀመጧቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ጉድጓድ ክዳን አላነሱም። በመተላለፊያው ስንገናኝ ሰላም ይሉኛል፤ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ነገ እናገራለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ።

ባለፈው ክረምት ጋሼ አረፉ። ድንኳናቸው የተተከለው እዚያው ታችኛው ሰፈር ነው፤ ቀኑ ደግሞ የሰፈሩ ፈረቃ አልነበረም። የእድሩ ዳኛ መጥተው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሙ። አዲሱን ቫልቭ ሃያ ሁለቱንም ዙር ዘጋሁት፤ ዘንጉን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጸጥ ማለቱን ሰማሁ። ዳኛው አንገታቸውን ነቅንቀው ሄዱ። እኔም ሁለት ጀሪካን ሞልቼ ቁልቁል ወረድኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ስደርስ መዝሙሩ አብቅቶ የሕይወት ታሪካቸው እየተነበበ ነበር። የምታነበው ሴት ልጃቸው ናት።

«አባታችን ሐዘንተኛ ውሃ እንዳይቸገር ብሎ ቫልቭ ገርበብ አድርጎ በመተዉ ከሥራው የተቀጣ ሩኅሩኅ ሰው ነበር።»

ሰው ሁሉ አለቀሰ። ደረቅ ሰውዬ ሲሏቸው የነበሩትም አለቀሱ። ልጅቷ አንብባ ስትጨርስ ጀሪካኖቹን አይታ ወደኔ መጣች፤ አቅፋ ሳመችኝ። «አንቺም እንደሱ ነሽ» አለችኝ።

ጀሪካኖቹን ማድቤቱ በር ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።