ወንዝ ዳር ያለው መጋዘንና የእትዬ ጥሩዬ ጤፍ

ሥራ የጀመርኩት ደብረ ማርቆስ እህል ተራ፣ ጋሽ ሞላ ከሚባሉ ነጋዴ ዘንድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጫፉ የሾለ ጆንያ መውጊያ ብረት ሰጡኝ። ከላይ ወጋሁ፤ ንጹሕ ነጭ ጤፍ ወጣ። “ከላይ ያለውን ሻጩ ነው የመረጠልህ። ከታች ውጋ” አሉኝ። ከታች ስወጋ አሸዋ ወጣ። ሻጩ ጆንያውን ተሸክሞ ሳይሰናበተን ሄደ።

ትምህርቴ ይኸው ነው፤ ሌላ ዲግሪ የለኝም።

ከብዙ ዓመት በኋላ የራሴን መጋዘን ተከራየሁ። ከከተማው ዳር፣ ከወንዙ አጠገብ ነው። ኪራዩ ርካሽ፣ ግቢው የጭነት መኪና የሚያዞር። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ በአዲስ ሲሚንቶ ተለስኗል፤ ከዚያ በላይ አሮጌ ነው። አከራዩን ስለ ጣሪያው ጠየቅሁት፣ ስለ በሩም ጠየቅሁት። ለምን እስከ ወገብ ብቻ እንደለሰነው አልጠየቅሁም። ስንት ዘመን ጆንያ ከታች ስወጋ ኖሬ፣ ቤቱን ከላይ አይቼ ፈረምኩ።

ምክንያቱን የነገሩኝ የጎረቤት ሽማግሌ ናቸው፤ ኪራዩን ከከፈልኩ በኋላ።

“ውሃው የደረሰበትን ነው የሸፈነው። በየዓመቱ እንኳ አይመጣም” አሉኝ።

“በስንት ዓመቱ ነው የሚመጣው አባቴ?”

“ሰው ሲረሳው።”

እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ረስቼው አላውቅም።

የእሳት ኢንሹራንስ ነበረኝ። ጎርፍም እዚያው ውስጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። በግንቦት መጋዘኑን ልታይ የመጣችው የኢንሹራንስ ሠራተኛ ጎርፍ ለብቻው እንደሚጨመር ነገረችኝ፤ አስጨመርኩ። ወለሉ ከወንዙ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ለካች፤ እኔ ችላ ያልኩትን የግድግዳውን ልስንም ደጋግማ አየችው። እህሉ በእንጨት ርብራብ ላይ እንዲደረደር፣ ከርብራብ የወረደ እንደማይካስ አስረዳችኝ። መጨረሻ ላይ “ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ የሌላ ሰው ንብረት አለ?” አለች።

“የለም” አልኩ።

ነበር። ጥጉ ላይ የእትዬ ጥሩዬ አሥራ ሁለት ጆንያ ጤፍ ቆሟል። እትዬ ጥሩዬ በዲማ በኩል የሚያርሱ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። በእኛ ዘንድ ገበሬ ዋጋ እስኪሻል ድረስ እህሉን ለሚያምነው ነጋዴ በአደራ ይተዋል። ወረቀት አይጠየቅም፤ የጠየቀ “ትክደኛለህ” እንዳለ ይቆጠራል። አደራው ከነጋዴው እህል ጋር አይደባለቅም፣ ለብቻው ይቆማል፣ በባዕድ ፊትም አይወራም። አፌ በልማድ “የለም” አለ። ክፍያው ይጨምራል ብዬም ነበር፤ አልዋሽም።

እትዬ ጥሩዬ ጤፉን ሲያስረክቡኝ አንዱ በሬያቸው ሞቶ ነበር። “በጥቅምት ሸጬ በሬ ካልገዛሁ መሬቴን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ የሰው እጅ ማየቴ ነው” ብለውኛል።

ሐምሌ ተጋምሶ ዝናቡ ሲበረታ ውሉን ተቀምጬ አነበብኩት። በጽሑፍ ያልተገለጸ የሌላ ሰው ንብረት አይካስም ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።  በነጋታው የኢንሹራንስ ሠራተኛዋ ቢሮ ሄድኩ።

“ባለፈው ጠይቄዎት ነበር እኮ” አለችኝ።

“ጠይቀሽኛል። አሁን መልሱ ተቀይሯል።”

“እጽፍልዎታለሁ። ግን ክረምት ከገባ በኋላ የተጨመረ ንብረት የሚሸፈነው ከአንድ ወር በኋላ ነው።”

“ጎርፉ ይህን ያውቃል?”

“ጎርፉ አልፈረመም፣ ጋሼ።”

ሳቅን። 

አደራውን ላዛውር ከፍታ ላይ ያሉትን መጋዘኖች አንኳኳሁ፤ ሁሉም ሞልተዋል። ለካ የምፈራው እኔ ብቻ አይደለሁም። የእትዬ ጥሩዬን ጤፍ በድንጋይና በጣውላ ክንድ ያህል ከፍ አደረግሁ። የእኔ ክምር ርብራብ ላይ ሆኖ ጣሪያ ሊነካ ደርሷል። ከላይ የእኔን አውርጄ የእሳቸውን ብሰቅል ደህና ይሆን ነበር። ግን የወረደው አይካስም። ጎርፉ ሳይመጣ ወሩ ያልቅ ይሆናል እያልኩ ተውኩት።

በየጠዋቱ ድልድዩ ጋ ሄጄ ውሃው ምሰሶው ላይ የት እንደደረሰ አያለሁ። ከተማው ላይ የሚዘንበውን አልፈራም። እኛ ዘንድ ፀሐይ ወጥቶ ወንዙ ሲደፈርስ ነው የምፈራው፤ ከላይ፣ ከማላየው ቦታ ዘንቧል ማለት ነው።

ፍልሰታ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ወሩ ገና ሳይሞላ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ዝናብ ሳይኖር ጎርፉ መጣ። በበሩ ሥር ገለባና አረፋ እየገፋ በዝግታ ገባ። ያልጠበቅሁት ድምፅ አልባነቱን ነው። ሦስት ተሸካሚዎች አብረውኝ ነበሩ፤ አለቃቸው ገበየሁ ይባላል።

“አያ፣ የትኛውን እናንሣ?”

“ከክምሩ ላይ አሥራ ሁለት አውርዱ። የጥጉን ስቀሉ።”

“የራስህን ውሃ ውስጥ?”

“ውሃ ውስጥ።”

“ጤነኛ ነህ?”

“ፈጠን በል፣ ኋላ ታስመረምረኛለህ።”

ውሃው ጉልበታችንን አለፈ። የኋለኛው ግድግዳ ልስኑ እየተፈነቀለ ይወድቅ ጀመር፤ ከተናደ አራታችንም ክምሩ ሥር ነን። ገበየሁ “ይብቃ፣ እንውጣ” አለ። ከጥጉ ሁለት ጆንያ ቀርቶ ነበር። አንዱን እሱ፣ አንዱን እኔ ሰቀልን። እኔ የሰቀልኩት ጫፉ ረጠበ። ከዚያ ክምሩ ላይ ወጥተን ውሃው መጉደሉን ቁጭ ብለን አየን። 

ውሃው ከሄደ በኋላ የኢንሹራንስ ገማች መጣ። የረጠበውን የታችኛውን ረድፍ ቆጠረ፤ እሱን እንደሚክሱኝ ነገረኝ። ከዚያ ወለሉ ላይ ያበጡትን ጆንያዎች አየና “እነዚህ የማን ናቸው?” አለ።

“የእኔ።”

“ለምን ከርብራብ ወረዱ?”

ተሸካሚዎቹ ቆመው ይሰማሉ። በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አደራ በሰው ፊት ተናገርኩ። “ላይ ያሉት የእትዬ ጥሩዬ ናቸው። የእኔን አውርጄ የሰቀልኩት እኔ ነኝ።”

ገማቹ ጻፈ። “የወለሉ አይካስም” አለ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። አልተካሰምም።

እትዬ ጥሩዬ በጥቅምት መጡ። “ጎርፍ ገባ አሉኝ። ጤፌን አሳየኝ” አሉ። የረጠበውን አንዱን በእኔ ጤፍ እንደተካሁት ነገርኳቸው። ጆንያውን ሁሉ በእጃቸው ዳሰሱ። ሸጠው በሬ ገዙ።

በዓመቱ ግንቦት፣ አዲሱን እህላቸውን ሲያመጡ፣ እህሉ የእሳቸው መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት አቀረብኩላቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

“ልትክደኝ ነው ወይስ ልትሞት?”

“ፈርቼ ነው፣ እታለም። ወንዙን።”

ወረቀቱን አገላብጠው አዩ፤ ማንበብ አይችሉም። ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ።

መጋዘን የምትከራዩ፣ ግድግዳውን ከታች እዩ። የጎርፍ ውል በግንቦት ይፈረም። ውስጥ ያለው የማን እንደሆነም በባለቤቱ ስም ይጻፍ፤ ቢያስቀይምም።